ውሃ እንዳትሻገሪ

ለሠርጉ ጠላ የሚሆነው ብቅል ሰሌን ላይ ተሰጥቷል። ወይዘሮ ተሾመች አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ በረጅም ሸንበቆ ዶሮዎቹን እየመለሰች፣ ዓይኗን ከሰማዩ ላይ አትነቅልም። ዝናብ ቢመጣስ? ከፋሲካ በኋላ ያለው ረቡዕ ነው፤ በአርብ ገበያ ከተማ ሰማይ ላይ የመዳፍ ያህል ደመና የለም። እሷ ግን ደመናው ሳይመጣ ነው የምትፈራው። ከመጣ በኋላማ ማንም ይፈራል፤ ምን ሙያ አለው?

ህይወት ከባሕር ዳር ለጥቂት ቀን ነው የመጣችው። የልጅ ልጇ ናት፤ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ግን ያሳደገቻት እሷ ስለሆነች «እምዬ» ትላታለች። ነርስ ናት። ግንቦት ሃያ አንድ ቀን ፍሬው የሚባል መምህር ልታገባ ቀን ተቆርጧል። ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ መጣችና ከበርጩማው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«እምዬ፣ ከሠርጉ በኋላ የምንሄድበትን አገር ላሳይዎት?»

«ከሠርጉ በኋላማ መልስ አለ፣ ቅልቅል አለ። የምን አገር ነው?»

«ከዚያ በኋላ። አምስት ቀን ብቻ። ይዩት።»

ስልኩ ላይ የታየው ውሃ ነው። ከዳር እስከ ዳር ውሃ። ዳሩ ላይ እንደ ጤፍ ዱቄት የነጣ አሸዋ፣ አሸዋው ላይ ወደ ውሃው ያዘነበለ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ሁለት ባዶ ወንበር።

ተሾመች መነጽሯን ከፍ ዝቅ አድርጋ ብዙ አየችው። «ሰዎቹስ የት ሄዱ?» አለች።

«የትኞቹ ሰዎች?»

«ወንበሩ ላይ የነበሩት።»

«ማንም አልነበረበትም እምዬ። ለእኔና ለፍሬው ነው የተቀመጠው።»

ተሾመች ስልኩን ከፊቷ ገፋ አደረገችው። ህይወት ግን እየተፍለቀለቀች ቀጠለች፤ ዛንዚባር ይባላል፣ ደሴት ነው፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ነው የሚሄዱት፣ የፍሬው የሥራ ባልደረባ ከሚስቱ ጋር ሄዶ መጥቷል፣ ክፍሉ ከውሃው ሃያ እርምጃ ነው።

«ሃያ እርምጃ የማን እርምጃ? የአንቺ ነው የፍሬው?»

«እምዬ ደግሞ!»

«በእኛ ጊዜ ጫጉላ የሚገባው ቤት ነው። ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ ሚዜ ደጃፉ ላይ ተኝቶ። እዚያ ደጃፉን ማን ይጠብቃል?»

«ሆቴሉ ዘበኛ አለው።»

«ዘበኛ ከሌባ ይጠብቃል። ከውሃ ይጠብቃል?»

ህይወት ሳቀች፤ ወዲያው ግን ሳቋን ዋጠችው፤ አያቷ ስለ ምን እያሰበች እንደሆነ ታውቃለችና። የህይወት እናት፣ የተሾመች አንድዬ ልጅ ውብነሽ፣ የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ብላ ሄደች። ከባሕር ጠረፍ አንድ ደብዳቤ በሰው ላከች። «ነገ በጀልባ እንሻገራለን፤ ስሻገር እጽፋለሁ፤ ልጄን አደራ» ይላል። ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። ሞተች ያለ ሰው የለም፤ አለች ያለም የለም። ስለዚህ ለቅሶ አልተቀመጡላትም፣ ተዝካርም አልወጣላትም። ዘመድ ሊያጽናና በመጣ ቁጥር ተሾመች «ማን ሞተና?» እያለች ከደጅ መልሳለች።

«ካርታው አለ እዚያ ላይ?» አለች ተሾመች። «እስኪ አምጪው።»

ስድስተኛ ክፍል የደረሰች ሴት ናት፤ በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት አስተምራለች፤ ካርታ አይቸግራትም። ህይወት ከፈተችላት። ተሾመች ጣቷን ውብነሽ ደብዳቤ ከላከችበት ጠረፍ ላይ አስቀመጠች፤ ከዚያ በሰማያዊው ላይ ቀስ እያለች ቁልቁል ወሰደችው። የአፍሪካን ቀንድ ዞረች፣ የሶማሌን አገር በጎን አለፈች፣ ወረደች፣ ወረደች፣ ሄዳ ደሴቱ ላይ ቆመች። ጣቷ አንድም ቦታ መሬት አልነካም።

«መሀሉ ላይ ግድግዳ የለውም» አለች።

«ምን?»

«ይኸኛው ውሃና ያኛው ውሃ። አንድ ውሃ ነው።»

ዶሮዎቹ ብቅሉ ላይ ወጥተው ይጭሩ ጀመር፤ ሁለቱም አላዩዋቸውም።

በማግስቱ ሐሙስ ተሾመች ከሰው ጋር ሳትነጋገር ዋለች ማለት ይቻላል። ውሃ ስትቀዳ እንስራው ውስጥ አፍጥጣ ታያለች፤ ፊቷን ስትታጠብ ዓይኗን አትከድንም። ነገሩ በዚሁ ባለፈ ጥሩ ነበር። ከቀትር በኋላ ግን ፍሬው ደወለ። ህይወት ለብቅሉ የሚሆን ማዳበሪያ ከረጢት እየሰፋች ስለነበር ስልኩን ድምፁ እንዲወጣ አድርጋ መደቡ ላይ አስቀመጠችው። ተሾመች ጓዳ ናት፤ ሁሉንም ትሰማለች።

«በጉዟችን ሐሙስ የምናደርገውን አግኝቻለሁ» ይላል ፍሬው። «ጠዋት በጀልባ እንወጣና መሀል ባሕር ላይ አሸዋ አለ፤ እዚያ ያወርዱናል።»

«መሀል ባሕር ላይ የምን አሸዋ?»

«ውሃው ሲሸሽ ብቅ የሚል፣ ውሃው ሲመለስ የሚጠፋ። ምሳ እዚያ እንበላለን።»

«ምሳውን ሳንጨርስ ቢመለስስ?»

«ያኔ ዋና አስተምርሻለሁ።»

«አንተ? አንተ ከባልዲ በላይ ውሃ አይተህ ታውቃለህ?»

ፍሬው ሲስቅ ቤቱ ሞላ። ተሾመች በግራ እጇ የጓዳውን ምሰሶ ያዘች። የሚጠፋ አሸዋ። ሰው ምሳውን ይዞ የሚቆምበት፣ ከዚያ የሚጠፋ። ዓይኗ ውስጥ የታያት እነዚያ ሁለት ባዶ ወንበሮች ናቸው። እግሯ ከጓዳ እንዴት እንዳወጣት አላወቀችም፤ ነጠላዋን እንኳ አላጣፋችም። ህይወት ፊት ቆመችና፣

«በቅዱስ ሚካኤል ስም ገዝቼሻለሁ» አለች። «ጀልባ እንዳትሳፈሪ። ውሃ እንዳትሻገሪ።»

መርፌው ከረጢቱ ላይ ተሰክቶ ቀረ። «ሄሎ?» ይላል ፍሬው ከስልኩ ውስጥ። «ህይወት? ምን አሉ?»

በዚያ አገር ግዝት ቀላል ነገር አይደለም። እርግማን በንዴት ይወጣል፣ ንዴቱ ሲበርድ ይረሳል። ግዝት ግን በመልአክ ስም የተቋጠረ ነው፤ የጣሰው ሰው እግሩን እንቅፋት ቢመታው እንኳ «በግዝቱ ነው» ይባላል። ከተሜ ብትሆንም፣ ነርስ ብትሆንም ህይወት ያደገችው በዚሁ ቤት ነው። ፊቷ አመድ መሰለ። ተሾመች የጠበቀችው ልቅሶና ክርክር ነበር። ህይወት ግን ስልኩን ዘጋች፣ ከረጢቱን ሰፍታ ጨረሰች፣ እራትም አልበላም ብላ ተኛች። ዓርብ ጎህ ሲቀድ «ሰኞ ሥራ አለኝ» ብላ ጉልበት ስማ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄደች።

ተሾመች መጀመሪያ ደስ አላት። እውነቱን መናገር ይሻላል፤ ደስ አላት። ትኩረፍ፣ አለች። ኩርፊያ ሰው አይገድልም። ረፋድ ላይ ገበያው ሲሞላ ለሠርጉ ሻሽ ልትገዛ ወደ ፋጡማ ሱቅ ወጣች። ፋጡማ ከእሷ ጋር አርባ ዓመት የተጎራበተች የጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ውብነሽም ህይወትም የመጀመሪያ የትምህርት ቤት ልብሳቸው የተቀደደው ከእሷ ጣቃ ላይ ነው። ዛሬ ግን ሜትሩን እንደያዘች ቀና ብላ አየቻትና እንኳን ደህና መጣሽም አላለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን አድርገሽ ነው ልጅቷን የላክሻት?»

«ምን አደረግሁ? ነገረችሽ?»

«አውቶቡሱ እስኪሞላ እዚህ ተቀምጣ ስታለቅስ ነበር። ባሕር እንዳትሄድ ገዘትሻት አሉ።»

«ገዘትኋት። እሰይ። አንቺስ ብትሆኚ?»

«እኔ ብሆን አፌን እይዝ ነበር። ጅዳ ላይ ባሕር አይቻለሁ፤ እግሬንም ነክሬበታለሁ፤ ይኸው ሻሽ እየሸጥሁልሽ ነው።» ፋጡማ ሜትሩን አስቀመጠች። ድምፅዋም ዝቅ አለ። «የባሕሩስ ይቅር። ልጅቷ ሥራዋ የት እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ባሕር ዳር።»

«ባሕር ዳር ነው ቤቷ። ሥራዋ ሐይቁ ላይ ካለች ደሴት ነው። ሰኞና ሐሙስ በሞተር ጀልባ ትሻገራለች፤ የክትባቱን የበረዶ ሳጥን ጭኗ ላይ አድርጋ። ይኸው ሁለት ዓመቷ። ለእኔ የነገረችኝ አምና ነው፤ እምዬ ትሞትብኛለች፣ እንዳትነግሪያት ብላ አስምላኝ።»

ተሾመች ጣቃው ላይ ተቀመጠች። ፋጡማ ውሃ ስትሰጣት ብርጭቆውን ባየች ጊዜ እጇን ሰበሰበች።

የፈራችው እንግዲህ ወደፊት ብቻ አልነበረም፤ ወደ ኋላም ነው። በሳምንት ሁለቴ ሄዶ ሁለቴ መመለስ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ። አራት መቶ ጊዜ ልጅቷ ውሃ ላይ ስትሆን እሷ ምን ስትሠራ ነበር? ባቄላ ስትፈትግ። ከሰው ጋር ስትሳሳቅ። እያንዳንዱ ቀን ሳይፈራ አልፏል፤ ያ ሁሉ ፍርሃት ዕዳውን አጠራቅሞ አሁን በአንድ ጊዜ ደረቷ ላይ ተቀመጠ።

«ታዲያ ሰኞ…» አለች።

«ሰኞ ትሻገራለች። ሕፃናት ይጠብቁኛል፣ ግዝቱን ጥሼ ነው የምወጣው አለችኝ። የምፈራው መስጠሙን አይደለም፤ ብሰጥም እምዬ በኔ ግዝት ነው ብላ ራሷን ትበላለች፣ እሱን ነው የምፈራው አለችኝ።»

ተሾመች ከዚያ ሱቅ ስትወጣ ሻሹን አልያዘችም። ለህይወት ከውሃ መጠበቂያ ብላ ያሰረችው ነገር ራሱ ድንጋይ ሆኖ የልጅቷ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል። ያለ ግዝት አራት መቶ ጊዜ በሰላም የተሻገረች ልጅ፣ ሰኞ በግዝት ልትሻገር ነው። ደወለች። በስልኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይቻልም ትላለች። ቅዳሜም ደወለች፤ ያችው ሴትዮ ናት። ኔትወርክ ይሁን፣ ኩርፊያ ይሁን፣ ማን ያውቃል።

የንስሐ አባቷ መምሬ ቢሆነኝ ለተዝካር ወገዳ ወደሚባል አገር ወርደው ነበር፤ የተመለሱት እሑድ ከቀትር በኋላ ነው። ገና አህያቸውን ሳያራግፉ ደጃፋቸው ላይ ተደፍታ አገኟት። ሁሉንም ነገረቻቸው። መምሬ ቢሆነኝ ጭነቱን እየፈቱ ሰሙ።

«በማን ስም ነው ያልሽው?»

«በሚካኤል፣ አባቴ።»

«በሚካኤል። ውሃ እንዳትሻገር።» ገመዱን ጠቀለሉት። «ሕዝበ እስራኤልን ባሕር ያሻገረው ማን ነው?»

«ሚካኤል ነው» አለች ተሾመች።

«ሌላ መልአክ ጠፍቶ! አሻጋሪውን ጠርተሽ እንዳትሻገር ትይዋለሽ? ደግሞስ ባሕር ዳር ለመግባት ዓባይን መሻገር አለ። በድልድይ ቢሆንም ውሃ ነው። እንዳልሽው ከሆነ ቤቷም ልትገባ አይገባትም ነበር።»

«እሱን አላሰብሁትም» አለች ተሾመች። «ዓርብ ተሻግራለች ማለት ነው። ጥሳዋለች።»

መምሬ ቢሆነኝ ቀልዳቸው እንዳልያዘ አዩ። አጠገቧ ተቀመጡ። «ስሚኝ። ግዝት የካህን ሥልጣን ነው፤ አንቺ ሥልጣን ስለሌለሽ አልታሰረችም ብልሽ ዛሬ ትተኛለሽ?»

«አልተኛም።»

«እሷስ?»

«እሷም።»

«እንግዲያው እንፈታዋለን። ግን ያሰርሽው ጆሮዋ ላይ ነው፤ ከጆሮዋ ላይ ነው የሚፈታው። እየሰማች ፈትቼሻለሁ ትያታለሽ፤ ከዚያ እኔ ይፍታሽ እላታለሁ። ነገ ጠዋት ስልክሽን ይዘሽ ቤተ ክርስቲያን ነይ።»

«ከጀልባዋ በፊት?»

«ከጀልባዋ በፊት።»

ሰኞ ተሾመች የቅጥሩ በር ሳይከፈት ደርሳ ነበር። መምሬ ቢሆነኝ መስቀላቸውን ይዘው ከዋርካው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ኔትወርክ የሚሻለው እዚያ ነው። ደወለች፤ ሴትዮዋ። ደወለች፤ ሴትዮዋ። ሰዓቱ አንድ ከሃምሳ ነው፤ ጀልባው የሚነሣው ሁለት ሰዓት እንደሆነ ፋጡማ ነግራታለች። ሦስተኛው ላይ ጠራ።

«ሄሎ? እምዬ?»

ከድምፅዋ በፊት የሞተሩ ድምፅ ነው የመጣው። ድ-ድ-ድ-ድ ይላል።

«የት ነሽ?»

«ሥራ ነኝ።»

«ጀልባ ላይ ነሽ። ፋጡማ ነግራኛለች። ተነሥቷል?»

«ገና ነው። ሰው እየሞላ ነው። እምዬ፣ ይቅር ይበሉኝ…»

«ልጄ» አሉ መምሬ ቢሆነኝ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው፤ «ቢሆነኝ ነኝ። አያትሽ ግዝቱን ልትፈታልሽ ነው። ስሚ።» ከዚያ ለተሾመች በአገጫቸው ምልክት ሰጧት።

ተሾመች አፏን ከፈተች።

ቃሉ አንድ ነው። ሲያስሩት ግን በፍርሃት ሮጦ ወጥቶ ነበር፤ ሲፈቱት አልወጣ አለ። ውብነሽን ውሃው ወሰዳት፤ ማንም ተሾመችን አላስፈቀዳትም፤ ደብዳቤው የደረሰው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ይቺን ግን በራሷ አፍ ሂጂ ልትላት ነው። አንድ ነገር ቢሆን፣ የላክሁ እኔ ነኝ። ባልፈታት ደግሞ፣ የያዝሁ እኔ ነኝ። በየትኛውም በኩል የምታመልጥበት በር አጣች።

«እናትዬ፣ ሳጥኑን ወደዚህ» ይላል አንድ ሰው ከስልኩ ወዲያ። ሞተሩ ድምፁን ለወጠ።

«እምዬ፣ እየተነሣን ነው።»

መምሬ ቢሆነኝ አልገፋፏትም። መስቀሉን ስልኩ ላይ እንዳስጠጉ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው ቆዩ።

«ፈ… ፈትቼሻለሁ» አለች ተሾመች። «ህይወቴ፣ ፈትቼሻለሁ። ሰማሽ?»

«ሰምቻለሁ።»

«ይፍታሽ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉ መምሬ ቢሆነኝ፤ በግእዝም ጨመሩ፤ ከሞተሩ ድምፅ መሀል «አሜን» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ስልኩን እንዳትዘጊው» አለች ተሾመች።

«አልዘጋውም።»

እንግዲህ ውሃ ምን እንደሚል ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማች። እንጨቱን እንደ መዳፍ ይመታዋል፤ ጸጥ ይላል፤ ደግሞ ይመታዋል። አንዲት ሴት ትስላለች፤ አንድ ሕፃን ያለቅሳል። ተሾመች ስልኩን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ ልክ እሷ ካልያዘችው ጀልባው የሚገለበጥ ይመስል፣ ጡንቻዋን ገትራ ቆመች። ልክ መሀሉ ላይ ሲደርሱ ነው መሰለኝ ድምፁ ተቆረጠ። ስታየው ስልኩ ላይ የእሷ ፊት ብቻ ነው ያለው።

«ኔትወርክ ነው» አሉ መምሬ ቢሆነኝ።

«ኔትወርክ መሆኑን ማን ነገረዎ?»

መምሬ ቢሆነኝ ጥጆች ማሰማራት ነበረባቸው፤ ሁለት ጊዜ ብድግ አሉ፣ ሁለት ጊዜ ተመልሰው ተቀመጡ። ተሾመች አትቀመጥም፣ አትራመድም። ከንፈሯ ጨው ጨው አላት፤ ላቧ ነው። ከቅጥሩ ውጭ ሰዎች ጭድ የጫነ አህያ እየነዱ አለፉ፤ ሰላም አሏት፤ አልመለሰችም። ሃያ ደቂቃ። ሠላሳ። እዚያ የቆመችውን ሰው ከሩቅ ያየ ሐውልት ይላታል።

ስልኩ ሲጠራ ከእጇ ወደቀ። ያነሡላት መምሬ ቢሆነኝ ናቸው።

«ደርሻለሁ» አለች ህይወት። «እምዬ? ደርሻለሁ። እግሬ ነው ትንሽ የራሰው።»

ተሾመች መጀመሪያ አፈሩ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። ሲበርድላት፣ «ያኛውስ ጀልባ በስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?» አለች።

«የትኛው?»

«የአሸዋው። የዛንዚባሩ።»

«እሱንማ ትቼዋለሁ። ለፍሬው አንሄድም ብዬ ነግሬዋለሁ።»

«ማን ተዪው አለሽ?»

ህይወት ግራ ገባት። «እርስዎ ነዋ።»

«እኔ ብትሄጂም ብትቀሪም እፈራለሁ። ሁለት ዓመት ስትሻገሪ እኔ ቤት የተቀመጥሽ መስሎኝ ብርድ እንዳይመታሽ ነበር የምፈራልሽ። በማላውቀው ነገር ከምፈራ በማውቀው ልፍራ። ሂጂ። ግን እንደ ሥራሽ ደብቀሽ አይደለም። ውሃው ከአሸዋው ላይ ሸሽቶ በስንት ሰዓት እንደሚመለስ የሚያውቀው ማን ነው?»

«ባለጀልባው ያውቃል።»

«ስሙ ማን ነው?»

«እምዬ፣ ሰውየውን ገና አላገኘነውም እኮ። ሠርጉም አልደረሰ።»

«ጠይቂና ንገሪኝ። ክርስቲያን ከሆነ የክርስትና ስሙን፤ መምሬ በቅዳሴ ያነሡልኛል። እስላም ከሆነ ለፋጡማ እነግራታለሁ፤ እሷ ዱዓ ታድርግለት። ስሙን ሳልይዝ ግን አትሳፈሪም። ይኸ ግዝት አይደለም፤ ልመና ነው።»

«እሺ። እጠይቃለሁ። ሕፃናቱ ተሰልፈዋል፤ ልዝጋው?»

«ዝጊው። ሂጂ ክተቢ።»

መምሬ ቢሆነኝ ተነሥተው ልብሳቸውን አራገፉና ወደ ጥጆቻቸው ሄዱ። ተሾመችም የዋርካውን ሥር ተደግፋ ቆመች። እስከ ቅጥሩ በር ደርሳ እጇን ከመዝጊያው ላይ እንዳሳረፈች ነው፣ ልጅቷ ከሰዓት በኋላ ተመልሳ እንደምትሻገር ትዝ ያላት።